ሰንደቁን ማን ያምጣ?

አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ሌሊት አረፉ እንበል። ቀብሩ በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ዕድሩ ሥራውን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ጎህ ሲቀድ ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ንፍሮው ተጥዷል፣ ለደብሩ ተነግሯል፣ መቃብር የሚያስቆፍሩ ሁለት ሰዎች ሄደዋል። እስከዚህ ችግር የለም። ከዚያ ከዕድሩ ሽማግሌዎች አንዱ የበኩር ልጁን ፈቀቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ አባትህ ወታደር ነበሩ እኮ፤ ለመሥሪያ ቤታቸው ተነግሯል?» ይሉታል። ልጁ ዝም ይላል። የትኛው መሥሪያ ቤት? ክፍለ ጦራቸው ከፈረሰ ስንት ዘመኑ ነው። ማንን ይጥራ? በየትኛው ስልክ? ምን ወረቀት ይዞ? ሳጥኑ የሚለብሰውን ሰንደቅ ዓላማ ከማን እጅ ይቀበል? ወይስ ወንድሙን መርካቶ ልኮ ያስገዛ?

ያ ዝምታ የልጁ ጥፋት ነው? አባቱ በሕይወት ሳሉ «ሲያልፉ እንዲህ ይደረግልዎታል፤ ልጆችዎ ይህን ወረቀት ይያዙ» ያላቸው ሰው ነበር? ደንብ ካለ የት ተለጠፈ? ወረዳው ያውቀዋል? ጡረታቸውን የሚቀበሉበት መስኮት ላይ ይነበባል? ዕድሩ ዘንድ ግልባጩ አለ? መዝገብ ቤት ተቀምጦ ከሐዘንተኛው ደጅ ያልደረሰ ደንብ ለሐዘንተኛው የለም።

ወታደርን በክብር መቅበር አናውቅበትም ማለት አይቻልም። እናውቅበታለን። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ሲያርፍ በሙሉ ወታደራዊ ክብር ነው የተቀበረው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቀብሩ ላይ ተገኝተዋል። ይገባዋል፤ ማንም አይከራከርም። ግን ያ ክብር የተሰጠው ለሮምና ለቶኪዮ ወርቁ ነው ወይስ ለክቡር ዘበኛ ወታደርነቱ? ለወርቁ ከሆነ እሺ፣ ሁለት የማራቶን ወርቅ ያለው ሰው ብዙ የለም። ለወታደርነቱ ከሆነ ግን ከእሱ ጋር በአንድ ጦር ሰፈር ያደሩ፣ በአንድ መለከት የተነሡ፣ በአንድ ሰልፍ የቆሙ ባልንጀሮቹ ሲሞቱ ማን መጣላቸው? ጄኔራል ሲያርፍ ማርሽ ባንዱም፣ የክብር ዘቡም፣ ተኩሱም በሰዓቱ ይደርሳል። ለምን ደረሰ አልልም። የምጠይቀው ሥርዓቱ ወደ ሻምበል፣ ወደ ሃምሳ አለቃ፣ ወደ ተራ ወታደር በወረደ ቁጥር ለምን እየሳሳ ይሄዳል ብዬ ነው። ምሽግ ውስጥ ጥይት ማዕረግ አይቶ ነበር የሚመታው? ታዲያ መቃብር ላይ ማዕረግ የሚመርጠው ማን ነው?

ከሚኒስቴርና ከመምሪያ በፊት ባላገሩ ለዚህ ነገር የራሱ ሥርዓት ነበረው። የዘመተ ሰው ሲሞት ለቅሶው ሜዳ ላይ ይወጣል። ፈረሱ ከነሙሉ ጌጡ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ ይሳባል። ጋሻው፣ ጦሩ፣ ጎራዴው፣ ጠመንጃው፣ ካባና ለምዱ በሕዝብ ፊት ይታያሉ። ሟቹ በፈረስ ስሙ ይጠራል። አልቃሿ የዋለባቸውን ሜዳዎች በየስማቸው እያነሣች ታወርዳለች፤ አብሮት የዋለ ሰው ከሰልፉ ወጥቶ ይፎክራል። ያ ፉከራ ምስክርነት ነበር። ሰውዬው የት እንደዋለ፣ ማንን ከሞት እንዳወጣ፣ በየትኛው በር እንደገባ በአደባባይ የሚነገርበት ሰዓት ነበር፤ ተናጋሪው ቢሳሳት የሚያርመው ሌላ ዘማች እዚያው ቆሟል። ሴቱም ሕፃኑም ይሰማል፤ ልጅ አባቱን ያን ቀን ያውቀዋል።

ያንን በምን ተካነው?

በድምፅ ማጉያ በሚነበብ የሕይወት ታሪክ ተካነው። ሳጥኑ ከመኪና ወርዶ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሲያርፍ አንድ ሰው ሁለት ገጽ ወረቀት ይዞ ይቆማል። የተወለዱበት ቀበሌ ይነበባል። የተማሩበት ትምህርት ቤት፣ ያገቡበት ዓመት፣ የልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ቁጥር፣ የትኛው ልጅ በየትኛው አገር እንደሚኖር፣ ይህ ሁሉ በዝርዝር ይነበባል። ውትድርናቸው ጋ ሲደረስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሀገራቸውን በውትድርና ለረጅም ዓመታት በቅንነት አገልግለዋል።» የት? በየትኛው ብርጌድ? አዛዣቸው ማን ነበር? ሲያነክሱበት የኖሩት እግር የት ተመታ? ከሕዝቡ መካከል አራት አምስት አዛውንት ቆመዋል፤ የአንዳቸው ካፖርት ላይ ሪባኑ የደበዘዘ ሜዳልያ አለ። መልሱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ግን ማንም አይጠይቃቸውም። አፈሩ ሲመለስ ከመካከላቸው አንዱ ምርኩዛቸውን ለጎረቤታቸው ይሰጡና ተረከዛቸውን ገጥመው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ያነሣሉ። ደጋግመን ያየነው ነው። ከሀገር የመጣው ስንብት ያ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ አንድ አዛውንት በግላቸው የሰጡት ሰላምታ። ሀገር ለሠላሳ ዓመት አገልግሎት የምትመልሰው ይህንን ነው? እኚያም አዛውንት ሲያልፉ ሰላምታውን ማን ይሰጣቸው?

የውትድርና ወረቀታቸውስ የት ገባ? ይህ ጥያቄ ወደ 1983 ዓ.ም. ይመልሰናል። በዚያ ዓመት የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ከአራት መቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው ከውትድርና ወጣ። የደንብ ልብስ ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍ ከሳሎን ግድግዳ ወረደ፤ ሜዳልያው በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ሥር ገባ፤ መታወቂያውን ያቃጠለም አለ። «የደርግ ወታደር» የሚል ስም ወጣለትና በዚያ ስም ኖረ። በዚያ ስምስ ይቀበር? የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር እጅ የተመለሰች ዕለት ካራማራ ላይ የዋለው ሚሊሻ ደሙን ያፈሰሰው ለአንድ መንግሥት ነበር ወይስ ለድንበሩ? ለዚያ ጦርነት መታሰቢያ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ትግላችን ሐውልት ቆሟል፤ አብረውን የወደቁት የኩባ ልጆች ሳይቀሩ ይታሰቡበታል። ሐውልቱ ደግ ነው። ግን ከዚያ ጦርነት በሕይወት ተመልሶ፣ ዘበኝነት ተቀጥሮ፣ ልጆች አሳድጎ፣ አልጋው ላይ የሞተው ሰው ሐውልቱ ውስጥ የለም። የእሱ ተራ መቼ ነው? በየዓመቱ የድል በዓሉን ስናከብር እናስታውሰውና በሞተ ቀን እንርሳው?

ይህ ድህነት ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እስቲ ወደ ኮሪያ ጦርነት እንሂድ።

በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ ተመልምሎ፣ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ተጉዞ ፑዛን ገባ፤ ሌሎቹም በየተራቸው ተከታተሉ። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን እዚያ ወደቁ። አንድም ሰው አልተማረከም። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ይህ ነው፦ ዛሬ ፑዛን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የቱርክ፣ የእንግሊዝ፣ የካናዳ፣ የአውስትራሊያ ወታደሮች በየረድፉ ተኝተዋል፤ የኢትዮጵያ ወታደር ግን የለም። አስከሬናቸው ተለቅሞ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ውስጥ ዐረፈ። ያን ጊዜ ሀብታም ነበርን? ከጦርነት ከወጣን ገና አሥር ዓመታችን ነበር። ታዲያ የአንድን ተራ ወታደር አፅም ከእስያ ጫፍ እስከ አራት ኪሎ ያመጣች ሀገር፣ ዛሬ ሁለት ወታደርና አንድ ሰንደቅ ዓላማ ከጦር ሰፈር እስከ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ማድረስ ያቅታታል? ከኮሪያ መመለስ የቻልነውን ከጃን ሜዳ እስከ የካ ማድረስ ካልቻልን፣ የጎደለን ገንዘብ ነው ወይስ ሐሳብ?

ከዚያ ጦርነት የተመለሱትስ? ብዙዎቹ መሬት ተሰጥቷቸው በሠፈሩበት ኮሪያ ሰፈር ኖረው አረጁ። በደርግ ዘመን የዘመቱበት ወገን ስላልተወደደ አንገታቸውን ደፍተው ኖሩ። ዛሬ በሕይወት ያሉት በጣት የሚቆጠሩ፣ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ናቸው። የእያንዳንዳቸው ቀብር የሚታቀድበት ጊዜ አልፎ እየሄደ ነው። ደቡብ ኮሪያ በበኩሏ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በዚያ ጦርነት በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተዋጋ የየትኛውም አገር ዘማች ከጓዶቹ አጠገብ ማረፍ ከፈለገ በፑዛን መካነ መቃብር ቦታ ትሰጣለች፤ አንድ ፈረንሳዊ ዘማች የመጀመሪያው ሆነው እዚያ ዐርፈዋል። ባዕድ አገር ለዘማቹ «ስትሞት ቦታህ ይኸውልህ» ስትል፣ የራሱ አገር ምን አለችው? የኮሪያ ዘማች ልጅ አባቱን የት እንደሚቀብር ከእኛ ይልቅ ከፑዛን መልስ ካገኘ፣ ነገሩ አያሳፍርም?

ማዕረግም ቢሆን ሁልጊዜ አላዳነም። ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ በኮሪያ የኢትዮጵያን ጦር የመሩ፣ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር በጠቅላላ ያዘዙ ሰው ናቸው። የብዙ አገር ወታደር በእሳቸው ትእዛዝ ሥር ቆሟል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር በደርግ ተረሽነው ያለ ሣጥን፣ ያለ ፍትሐት በጅምላ ጉድጓድ ተጣሉ። አፅማቸው ወጥቶ ቅድስት ሥላሴ እስኪያርፍ ከ17 ዓመት በላይ ፈጀ። ጠቅላይ አዛዡ ንጉሠ ነገሥት ራሳቸውም በ1967 ዓ.ም. ካለፉ በኋላ የተቀበሩት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው፤ ያም መንግሥታዊ ቀብር አልነበረም፤ ቤተሰቡና ቤተ ክርስቲያኒቱ ናቸው ያከናወኑት፤ የሸመገሉ አርበኞች የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው አጅበው ሸኙ። ይህን የማነሣው የዘመኑን ክርክር ለመቀስቀስ አይደለም። የወታደር ቀብር ለባለጊዜ ፈቃድ ሲተው ምን እንደሚሆን ታሪካችን በሁለቱም ጫፍ ስለሚያሳየን ነው፤ ከላይም ከታችም። የዛሬው ጄኔራል የሚተማመንበት ክብር ነገ የሚጸናው በምንድን ነው? በወዳጁ ብርታት? በመንግሥቱ ዕድሜ? ተራውን ወታደር የማይጠብቅ ልማድ ጄኔራሉንም ዘመን ሲከዳው አይጠብቀውም። የሚጠብቀው ሁሉንም የሚያስር የተጻፈ ሕግ ነው።

ሕጉ ምን ይመስላል? አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቁት ምሳሌ አለ። እዚያ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተደነገገ ነው፦ በመልካም ሁኔታ የተሰናበተ ማንኛውም የቀድሞ ወታደር ሲሞት፣ ቤተሰቡ ከጠየቀ፣ ቢያንስ ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ ወታደሮች ይመጣሉ፤ አንዱ ሟቹ ካገለገለበት የጦር ክፍል መሆን አለበት። ታፕስ የሚባለው የስንብት ዜማ በመለከት ይነፋል። ሳጥኑን የሸፈነው ሰንደቅ በሥርዓት ታጥፎ ለቅርብ ዘመድ በእጅ ይሰጣል። ቤተሰቡ የሚይዘው ዋና ወረቀት አንድ ነው፤ ዲዲ 214 የሚባለው የመሰናበቻ ማስረጃ። ለብሔራዊ መካነ መቃብር ብቁ ለሆነ ቦታው፣ ቁፋሮው፣ የራስጌ ድንጋዩና ጥበቃው በነፃ ነው፤ ለትዳር ጓደኛውም ጭምር። የአስከሬን ማዘጋጃውን የሚከፍለው ቤተሰብ ነው፤ መንግሥት ሁሉን አይሸፍንም። መለከት ነፊ እየጠፋም ብዙ ጊዜ ዜማው ከተቀዳ ድምፅ ነው የሚሰማው። ጎደሎ አለበት። ሆኖም ተራ ወታደር ነህ፣ በየትኛው ፕሬዚዳንት ዘመን ነው የተዋጋኸው፣ ያ ጦርነት ትክክል ነበር ወይ፣ ተብሎ አይጠየቅም። ያገለገለና በመልካም የተሰናበተ፣ አለቀ።

ያም ሆኖ እዚያ ያለውን ማኅበረሰባችንን የምጠይቀው አለኝ። በዋሽንግተን አካባቢም ይሁን በሌላ ከተማ፣ በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ኢትዮጵያዊ ሲያርፍ ዕድሩ ይህን መብት ያውቀዋል? ክብሩ የሚመጣው ሲጠየቅ ነው፤ ካልተጠየቀ ማንም አያንኳኳም። ነፃ የመቃብር መብት ያለው ሰው በብዙ ሺህ ዶላር በተገዛ ቦታ ሲቀበር፣ ለዚያም መዋጮ ሲለመን ማየት የማን ቸልተኝነት ነው? የቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ከአባላቱ መካከል ማን ወታደር እንደነበረ መዝግቧል? ሚስቱስ ዲዲ 214 የት መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች? አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ይሂድ ከተባለም ይህ ሁሉ አስቀድሞ የሚወሰን እንጂ በለቅሶ ቤት ጩኸት መሐል የሚመከር አይደለም።

ወደ አገራችን እንመለስ። አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ፤ እሱም ሰዓት ነው። እኛ ሟችን አናቆይም። ክርስቲያኑ በማግስቱ ይቀበራል፤ ሙስሊሙ ቢቻል በዚያው ቀን፣ በከፈን ተጠቅልሎ፣ ሰላተል ጀናዛ ተሰግዶበት። ሙስሊም ወታደር ስንት ነው በየግንባሩ የወደቀው? በሰንደቅ የተሸፈነ ሣጥን፣ የማርሽ ባንድ፣ የአበባ ጉንጉን ብለን ሥርዓቱን በአንድ ዓይነት ቀብር ልክ ከሰፋነው፣ ጠዋት አርፎ ለአስር ሰላት ኮልፌ የሚቀበረውን ሃምሳ አለቃ መቼ እንደርስለታለን? ሙዚቃ የማይፈቀድበት ቀብር ላይ ክብሩ በምን ይገለጽ? በዝምታ በቆመ የክብር ዘብ? ለልጁ በሚሰጥ ሰንደቅና ደብዳቤ? ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተቀምጦ ይህን አስቀድሞ የተመካከረ አለ? ቤተ ክርስቲያን ውስጥስ ፍትሐቱና ወታደራዊ ሥርዓቱ በምን ቅደም ተከተል ይሂዱ? ተኩሱ በቅጥሩ ውስጥ ነው ከቅጥሩ ውጭ? በቀብር ሰዓት ካህኑና የመቶ አለቃው ፊት ለፊት ቆመው የሚከራከሩበት ነገር መሆን አለበት?

ባላገሩስ? ወታደር የሚወጣው ከባላገር ነው። ጎጃም ቆላ ውስጥ፣ ወለጋ ወይም ባሌ ገጠር፣ መኪና በማይገባበት ቀበሌ የሚያርፈውን ሰው ከአዲስ አበባ ማን ሄዶ ይቅበረው? ማንም መሄድ የለበትም። እያንዳንዱ ዞን ፖሊስ አለው፣ ሚሊሻ አለው፣ በየአካባቢው ካምፕ አለ። ሰንደቁ ወረዳው ዘንድ አስቀድሞ ከተቀመጠ፣ ሰላምታ የሚሰጡት ሁለት ሰዎች ከቅርብ ከተመደቡ፣ ምን የሚያስቸግር ነገር አለ? የቀበሌው ሊቀ መንበር ለምርጫና ለግብር በሰዓታት ውስጥ ሰው መሰብሰብ ይችልበታል። ለዚህስ ለምን አይችልም?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ማን ይገባዋል የሚለው ነው፤ ሸሽቼ አላልፈውም። ወታደሮቻችን ከውጭ ጠላት ጋር ብቻ አልተዋጉም። እርስ በርስ ተዋግተዋል። በረሃ የነበረው ታጋይና ከፊቱ ምሽግ የነበረው ወታደር ዛሬ በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ዕድር አሉ። አንዱ ሲቀበር ሰንደቅ ይለብሳል፣ ሌላው አይለብስም? መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ደግሞ ተራው ይገለበጣል? በወንጀል የተፈረደበት፣ ሰላማዊ ሰው የገደለ፣ እስረኛ ያሠቃየ ሰው ክብሩ ይቅርበት፤ ያን ፍርድ ቤት ይናገር፤ ሌሎች አገሮችም እንዲህ ዓይነቱን ይከለክላሉ። ግን ያልተከሰሰውን፣ ያልተፈረደበትን፣ ተመልምሎ ወይም ታፍሶ ዘምቶ፣ የታዘዘውን ግዳጅ ተወጥቶ የተመለሰውን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በየትኛው ዘመን እንደዘመተ ቆጥረን ከሀገር ቀብር ማግለል ምን ፍትሕ አለው? በብሔራዊ ውትድርና ከትምህርት ቤት ደጃፍ የተወሰደው ልጅ ዘመኑን መርጦ ነበር? ስለዘመኑ እንከራከር፤ መከራከርም አለብን። ክርክሩን ግን ሬሳ ላይ አናድርገው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ የጠየቅኩትን ልቁጠረው፦ አንድ ሰንደቅ ዓላማ፣ ሁለት ወታደር ለግማሽ ቀን፣ ሟቹ የት የት እንዳገለገለ የሚናገር በማኅተም የተደገፈ አንድ ገጽ ደብዳቤ። መድፍ አልጠየቅሁም። ሐውልት አልጠየቅሁም። ከሦስቱ ምርጫ ቢሰጠኝ ደግሞ ደብዳቤውን አስቀድማለሁ። ሰንደቁ ይታጠፋል፣ ወታደሮቹ ይመለሳሉ፤ ደብዳቤው ግን በድምፅ ማጉያው ፊት ያንን ባዶ ዓረፍተ ነገር ይሞላዋል። «በ1969 ዓ.ም. ተቀጥረው፣ በእንዲህ ያለ ብርጌድ፣ በእንዲህ ያለ ግንባር ቆስለው» የሚል ወረቀት ሲነበብ የልጅ ልጆቻቸው የማን ዘር እንደሆኑ ያን ቀን ይሰማሉ። ይህን ለማድረግ የሠራተኛ ማኅደር መክፈትና ማገላበጥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ማኅደሩ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ፣ የሚመሰክሩት አዛውንት ገና በሕይወት ሳሉ ሄዶ መጠየቅ አይቻልም?

ለዕድሮቻችንም ጥያቄ አለኝ። ዕድር የዚህች አገር ትልቁ የቀብር ተቋም ነው፤ የትኛውም መሥሪያ ቤት በአንድ ሌሊት እንደ እሱ ሰው አያንቀሳቅስም። የአባላቱን ስም፣ የቤተሰቡን ቁጥር፣ ያልተከፈለ መዋጮ ሳይቀር በመዝገብ ይዟል። «ወታደር ነበሩ?» የሚል አንድ ዓምድ መዝገቡ ላይ መጨመር ምን ያህል ሥራ ነው? የድንኳኑንና የሳህኑን ቆጠራ በየዓመቱ የምናደርግ ሰዎች፣ በሰፈራችን ያሉትን ዘማቾች ቆጥረን እናውቃለን? ሰልስቱ ካለፈ በኋላስ ለባሏ ጡረታ ከመስኮት መስኮት የምትንከራተተውን ባልቴት አንድ ሰው መድበን እናግዛታለን ወይስ ድንኳኑ ሲነቀል ሥራችን አለቀ?

ልጆችም አንድ ነገር ልለምናችሁ። አባታችሁ ወይም እናታችሁ፣ ሴት ወታደር ብዙ አለችና፣ ዘምተው ከሆነ ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። «እንዲህ ያለ ነገር አታውሩብኝ» ቢሉ አትተዉ፤ ትልቅ ሰው ስለ ቀብሩ መናገር ከብዶት አይደለም፣ ልጅ የሚደነግጥበት መስሎት ነው። የመለያ ቁጥራቸው ስንት ነበር? የመሰናበቻ ደብዳቤው የት አለ? ሜዳልያው ማን ዘንድ ነው? ከማን ጋር ዘመቱ፣ ከጓዶቻቸው ማን በሕይወት አለ፣ ስልካቸው ስንት ነው? የት መቀበር ይሻሉ፣ ሰፈር ደብር ወይስ ትውልድ አገራቸው? ሰንደቅ እንዲለብሱ ይፈልጋሉ? የማይፈልግም አለ፤ በውትድርናው ልቡ የተሰበረ፣ ሰላም ብቻ የሚመኝ ሰው አለ። የእሱም ፈቃድ ይከበር፤ ክብሩን የመቀበልም ያለመቀበልም መብቱ የእሱ ነው። ብቻ ይጠየቅ።

ለመከላከያ ሚኒስቴር የማቀርበው ይህ ነው። አንድ ገጽ ጻፉ። ማን ይገባዋል፣ ምን ማስረጃ ይበቃል፣ በየወረዳው ማን ተጠሪ ነው፣ በሌሊትም በበዓልም የሚነሣው ስልክ የትኛው ነው፣ ማስረጃው የጠፋበት ሰው በስንት ምስክር ይስተናገዳል፣ ለሙስሊሙ፣ ለኦርቶዶክሱ፣ ለፕሮቴስታንቱ ሥርዓቱ እንዴት ይሄዳል፤ ይኸው ነው። በየወረዳው፣ በየጡረታ መክፈያው፣ በየዕድሩ፣ በየመስጊዱና በየደብሩ ለጥፉት። በደርግ ዘመን፣ በንጉሡ ዘመን፣ በኢሕአዴግ ዘመን የሚል ቃል አይግባበት። ከኮሪያ የተመለሱት ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ የካራማራዎቹ ሰባ እየተጠጉ፣ ሰባውንም እየተሻገሩ ነው። ገጹ ዘንድሮ ካልወጣ ብዙዎቹ አይደርስላቸውም።